40 ሺህ የን ይዤ ኦቻኖሚዙ

ቶኪዮ ውስጥ ጊታር የሚፈልግ ሰው ብዙ መንከራተት የለበትም። ከቶኪዮ ጣቢያ የቹኦን ፈጣን ባቡር ይዞ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ መውረድ ነው። ሰፈሩ ኦቻኖሚዙ ይባላል። ከጣቢያው ስትወጣ ሜይዳይ ዶሪ የሚሉት ቁልቁለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ ጊታር ነው። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፤ ግን ፎቅ በፎቅ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንዱ ፎቅ ላይ ቤዝ፣ አንዱ ላይ አኩስቲክ፣ አንዱ ላይ ደግሞ እኔ የመጣሁበት ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር። ቁልቁለቱን ስትጨርስ ጂምቦቾ የተባለው የአሮጌ መጻሕፍት ሰፈር ይቀበልሃል። እዚያ ከገባህ ቀኑ አለቀ፤ ስለዚህ አልገባሁም።

ከጣቢያው ትንሽ ዞር ስትል አረንጓዴ ጉልላት ያለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኒኮላይ ይሉታል። በ1891 የተጠናቀቀ የኦርቶዶክስ ካቴድራል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ተሳልሜ ወደ ጊታሩ ወረድኩ።

ቶኪዮ የሄድኩት ለሥራ ስልጠና ነው፤ ቅዳሜ ነፃ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪክ ጊታር መማር ከጀመረ ቆይቷል። የሚለማመደው ግን በሰው ጊታር ነው። ከእናቱ ጋር አዋጥተን 40 ሺህ የን ያዝኩ። በዚያ ሰሞን ምንዛሬ 270 ዶላር ቢሆን ነው። ልጁ በቴሌግራም የላከልኝ መልእክት አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ አደራ! የጃፓን ይሁን። የቻይናና የኢንዶኔዥያ እንዳይሆን።»

አይፈረድበትም። እኛ አገር «የጃፓን ነው» ከተባለ ክርክር የለም። ከመኪና እስከ ቴፕ በዚህ ነው ያደግነው።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የዋጋ ወረቀቱ ነው። በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ አነበብኩት። ዋጋው አለ። የተሠራበት ዓመት አለ። ክብደቱ ሳይቀር አለ፤ 3.42 ኪሎ ይላል። ከዚያ የጉድለት ዝርዝር ይከተላል። ጀርባው ተፋፍቋል። አንዱ መቃኛ ተቀይሯል። ፍሬቱ ከአሥር ሰባት እጅ ቀርቷል። ይቺ የመጨረሻዋ በጣም ተመቸችኝ። ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበረው ብረት ነው፤ ክሩ እየፈገፈገው ከዓመት ዓመት ይበላል። ከአሥር ሰባት ከቀረ ልጁ ብዙ ዓመት ይጫወትበታል። ከአሥር አራት ከሆነ ግን መቀየሩ አይቀርም፤ የማስቀየሪያው ሒሳብ ደግሞ አንድ ርካሽ ጊታር ሊገዛ ይችላል። ሻጭ የዕቃውን ነውር ጽፎ ከዋጋው ሥር ሲለጥፍ ማየት ለመርካቶ ደንበኛ እንግዳ ነገር ነው። «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚባል ነገርም እዚያ አይሠራም። ዋጋው የተጻፈው ነው።

ወረቀቶቹን እያነበብኩ ስዞር የልጁ አደራ ከበደኝ። የጃፓን ስም ያለው ጊታር ሞልቷል፤ እዚያው ጃፓን የተሠራ ግን በ40 ሺህ የን ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ስም ብቻ መከተል ይበቃል። ስኳየር የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የፌንደር ርካሹ ስም ነው። በ1982 ሲጀምር ይሠራ የነበረው ጃፓን ውስጥ፣ ማትሱሞቶ ከተማ፣ ፉጂጄን በሚባል ፋብሪካ ነው። የዚያን ጊዜዎቹ መለያ ቁጥራቸው በ«ጄ ቪ» ይጀምራል፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙባቸዋል፣ ዋጋቸውም የርካሽ ጊታር አይደለም። በሴፕቴምበር 1985 አምስት ሀብታም አገሮች ኒው ዮርክ፣ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው ዶላርን ለማርከስ ተስማሙ። ያኔ 1 ዶላር 240 የን አካባቢ ይመነዘር ነበር። በ1988 ወደ 130 ወርዷል። የጃፓን ርካሽ ጊታር ለውጭ ገዢ ርካሽ መሆኑ በዚያው ቀረ። እዚያው ማትሱሞቶ አሪያ እና ኤፒፎን የሚባሉ ጊታሮችን ይሠራ የነበረው ማትሱሞኩ የተባለ ፋብሪካ በ1987 ተዘጋ። ሥራው ወደ ኮሪያ፣ እነ ሳሚክና ኮርት የሚባሉ ጊታር ሠሪዎች ጋ ሄደ። የኮሪያ ደመወዝ ሲጨምር ደግሞ ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ቻይና ቀጠለ። ኮርት በ2007 ኮሪያ ያሉ የጊታር ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ከእነሱ ጋር የነበረው ክርክር በስምምነት ያለቀው በ2019 ነው።

እንግዲህ ጊታር ጀርባ ላይ የተጻፈው አገር በአብዛኛው የሚነግርህ የደመወዝና የምንዛሬ ታሪክ ነው። የእንጨቱ ሥራ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ከዚያ አታገኘውም።

የት እንደተሠራ ማወቁ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ዋጋ ለመገመት ይረዳል። ስኳየር ላይ ቁጥሩ በ«አይ ሲ ኤስ» ከጀመረ ኢንዶኔዥያ፣ ኮርት ፋብሪካ ነው። የጃፓኑ አይባኔዝ ላይ «ኤፍ» ካየህ ፉጂጄን ነው። አዳዲሶቹ ኤፒፎኖች ላይ ከዓመቱና ከወሩ ቀጥሎ 15 ቁጥር ካለ፣ ቻይና ቺንግዳኦ ያለው፣ የኤፒፎን ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ጊብሰን የራሱ ፋብሪካ ነው። እንጨቱም ይናገራል። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሮዝዉድ የሚባለው እንጨት በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ሥር ሲገባ፣ ብዙ ፋብሪካዎች የጣት ማረፊያውን (አንገቱ ላይ ክሩን የምትጫንበትን እንጨት) ላውረልና ፓው ፌሮ ወደሚባሉ እንጨቶች ቀየሩ። ሻጩ «የ2010 ነው» ብሎህ ላውረል ካየህ፣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ግን አትርሳ፤ ብዙዎቹ ጊታሮች ላይ ቁጥሩ የተጻፈው አንገቱ ላይ ነው፣ አንገቱ ደግሞ በ4 ቪቴ የሚፈታ ነው። የውድ ጊታር አንገት በርካሽ ገላ ላይ፣ ወይም የፌንደር ስቲከር በስኳየር አንገት ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም። የኛ ሰው «ፎርጅድ» የሚለው እዚህም አለ፤ ቁጥሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁለት ጊታር እንዲወርድልኝ ጠየቅኩ። የመጀመሪያው የልጁን አደራ የሚሞላ ነው፦ የ1970ዎቹ የጃፓን ሥራ፣ የሌስ ፖል (የጊብሰን ዝነኛ ሞዴል) ኮፒ፣ 36 ሺህ የን። ሁለተኛው ያማሃ ፓሲፊካ 112፣ ኢንዶኔዥያ የተሠራ፣ 24,200 የን።

ሻጩ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ጃኬቴን እንዳወልቅ በእጁ አሳየኝ፤ ዚፑ ቀለሙን እንዳይቧጭረው ነው። ከዚያ ጊታሩን ራሱ ቃኝቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። እንደዚህ ሲሰጡህ አንተም በሁለት እጅህ ትቀበላለህ።

የሌስ ፖሉን አንገት እንደ ጠመንጃ አነጣጥሬ ከጭንቅላቱ በኩል አየሁት። ትንሽ ወደ ፊት መጉበጥ ችግር የለውም፤ ውስጡ ያለው የብረት ዘንግ በብሩጎላ ጠበቅ ሲል ይስተካከላል። ይሄ ግን ተጣሟል። የወፍራሙ ክር በኩል ቀጥ ብሎ፣ የቀጭኑ በኩል ይነሳል። ለጠማማ አንገት ብሩጎላ አይሠራም። የፒክአፑን (የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን ማግኔት) ጠርዝ በስልኬ መብራት ስመለከት ደግሞ እንጨቱ ንብርብር ነው። ኮምፔንሳቶ! የዚያ ዘመን ርካሽ የጃፓን ኮፒዎች ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። ጊብሰን አንገቱን በኮላ ሲያጣብቅ እነሱ በቪቴ ያስሩት ነበር። ወረቀቱ ላይ ፍሬቱ ከአሥር አራት እንደቀረ ተጽፏል። በሐቀኝነት ጽፈውታል፤ ዋጋውን ግን ለአገሩ ስምና ለዕድሜው ነው የጫኑበት። ለሰብሳቢ ይሁን፤ ለጀማሪ አይሆንም።

ፓሲፊካውን አነሳሁ። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ሳይበራ በደረቁ ነው የምጀምረው፤ ርካሽ ጊታር ገመናውን በአምፕ ጩኸት ይሸፍናል። ማይነር ትዝታ ከታች እስከ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ቀጭኖቹን ክሮች እየሳብኩ አዳመጥኩ፤ ፍሬቱ እኩል ካልተሠራ ድምፁ እዚያ ላይ እልም ይላል። አልጠፋም። 12ኛው ላይ በጣቴ ነክቼ ያወጣሁት ፉጨትና እዚያው ተጭኜ ያወጣሁት ድምፅም አንድ ሆኑ፤ ቃናው ልክ ነው ማለት ነው። ሻጩ ጠጋ ብሎ «ኤንካ?» አለኝ። ኤንካ የነሱ የድሮ ዘመን ስሜት ያለው ዘፈን ነው፤ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ የሚዜሙበት ቅኝት ኖታው ከማይነር ትዝታ ጋር አንድ ነው። «ኢትዮጵያ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነኝ ግን አልመሰለኝም።

አውራ ጣቴን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ሳብኩት። ሦስት አራት ቦታ ላይ የፍሬቱ ጫፍ ቆርቆር አደረገኝ። ይሄን ማወቅ ለአዲስ አበባ ሰው ይጠቅማል። እንጨቱ እርጥበት ካለው አገር መጥቶ ደረቅ አየር ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ብረቱ ግን አይሰበሰብም፣ ስለዚህ ጫፉ ይወጣል። የቶኪዮ የብርድ ወራት ደረቅ ነው፤ የኛም በጋ እንደዚያው። «አዲስ አበባ ስገባ ጊታሬ ጣቴን መቁረጥ ጀመረ» የሚል ሰው ከሰማህ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። በደቃቅ ሞረድ በትዕግሥት ይስተካከላል። የፋብሪካ ነውር ብለህ ጊታሩን አትጣለው፤ ግን ከዋጋው ውስጥ አስበው።

አምፑን አበራነው። ቮሊዩሙን ሳዞር ትንሽ ተንኮሻኮሸ፤ ጥቂት ጊዜ ሲመላለስ ተወው፣ አቧራ ነው። መቀያየሪያው አምስቱም ቦታ ላይ ይሠራል። የቶኑን መዞሪያ ወደ ላይ ስትስበው ወፍራሙ ፒክአፕ ግማሹ ይጠፋና ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እሱም ሠራ። ጃኩን ነቅነቅ አደረግኩት፤ ድምፁ አልተቆራረጠም። ገላው ኦልደር እንጨት ነው። ፍሬቱ ከአሥር ስምንት።

አሁን ሒሳቡ። እዚያው ሕንፃ ታችኛው ፎቅ ላይ አዲሱ ተመሳሳይ ጊታር ከዚህ በእጥፍ ገደማ ይሸጣል። ያገለገለ፣ ምንም ጥገና የማይፈልግ ጊታር በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ሲገኝ ጥሩ ነው እላለሁ። ሌስ ፖሉ ግን 36 ሺህ የሚለው ገና መነሻው ነው። ፍሬቱ ይቀየራል፣ አንገቱ ይላጋል፤ ሁሉም ከተሠራ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ እዚያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የ1990ዎቹን የጃፓን ፌንደር ይገዛል። ያ እውነተኛ ዕቃ ነው፤ 68 ሺህ የን ይላል፣ ሁለት ጊዜ አውርጄ አየሁት። የጃፓን ካልሆነ የሚል ሰው እዚያ ድረስ ኪሱን ይዘርጋ።

በነጋታው ከከተማ ወጣ ያለ ሃርድ ኦፍ ሄድኩ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሰንሰለት ነው። «ጀንክ» ብለው የሚያስቀምጡት ጥግ አለ፤ በ5 ሺህ የን ጊታር ታገኛለህ፣ ዋስትና ግን የለም። ስታኞ መበየድ ለሚችል ሰው ገነት ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

ፓሲፊካውን ነው የገዛሁት። ያኔ ቱሪስት ከ5 ሺህ የን በላይ ሲገዛ ፓስፖርቱን አሳይቶ 10 በመቶው ግብር ይቀርለት ነበር፤ 24,200ው 22 ሺህ ሆነ። ቦርሳና አንድ እሽግ ክር ጨመርኩ። ሆቴል ገብቼ ክሮቹን አላልቼ አወጣሁ፣ አራቱን ቪቴ ፈታሁ፣ አንገቱን በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ በሰያፍ አስተኛሁት። ቪቴዎቹን በፌስታል ቋጥሬ ገላው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። የተረፈውን 14 ሺህ የን አካባቢ ለእናቱ መለስኩላት። «ለአምፕሊፋየሩ ይሁን» ብላ አስቀምጣዋለች።