«አዲሷ መኪና ተበላሽታ ነው የመጣችው»

የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን ሥራ በአብዛኛው ከአስፋልት ውጪ ነው። ባለሙያዎቻችን የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ለማጥናት መንገድ እስከሌለበት ድረስ ይገባሉ፤ እዚያ መኪና ከቆመ ሥራው ብቻ ሳይሆን ሰውም ሜዳ ላይ ያድራል። ስለዚህ አዲስ መኪና ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስተያየት አጥብቄ እፈልጋለሁ። ሰው መኪናውን ከለመደው በኋላ ጉድለቱን ማየት ያቆማል፤ «እሷ እንዲህ ናት» ብሎ አብሮ መኖር ይጀምራል። በዚያ ሰሞን የሆነው ነገር ግን የመጀመሪያ አስተያየት እንዴት መነበብ እንዳለበት ሁላችንንም አስተማረን።

የመጣችልን ላንድክሩዘር 70 ነበረች፤ ባለ አምስት በሯ። የዚህ ሞዴል ዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ነው የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩና ፊቱ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ከሥር ያለው አካሄድ ግን አልተለወጠም፦ ወፍራም ሻንሲ፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ አክስል)፣ ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ ብረት ስፕሪንግ)። እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰችው ደግሞ ክብ መብራቶቿን መልሳ፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዛ ወጣች። «ለዚህ ክብደት አራት ሲሊንደር?» ያለ ሰው አልጠፋም። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚለው፦ ቀድሞ የነበረው 4.5 ሊትር ቪ 8 ናፍጣ የመጠምዘዝ ኃይሉ 430 ኒውተን ሜትር ነበር፤ የአዲሷ 500 ነው።

ርክክቡ ፈጣን ነበር። ከሻጩ የመጣው ባለሙያ ስክሪኑን፣ የኋላ ካሜራውንና ስልክ የሚገናኝበትን አሳየ፤ የዋስትናውን ደብተር አስፈረመ። ከዋናው የማርሽ ዘንግ አጠገብ ወዳለችው አጭር ዘንግ ሲደርስ «ይቺ የፎር ዊሏ ናት፣ እናንተ ታውቋታላችሁ» ብሎ አለፋት።

ለመጀመሪያው ጉዞ የመደብነው ሾፌር ከሁሉም ጠንቃቃው ነው። ለዓመታት የነዳው ፕራዶ 150 ሲሆን፣ ያቺ መኪና በእሱ እጅ አንድም ቀን ግራ የሚያጋባ ነገር አሳይታ አታውቅም። ሞተር ሳያሞቅ አይነሳም፤ ከጉዞ ሲመለስ ከሥር ተኝቶ ሳያይ ቁልፍ አያስረክብም።

ተመልሶ ሲመጣ መኪናዋን ግቢው በር ላይ አቁሞ በእግሩ ገባ። «ወደ ማቆሚያው ላስገባት አልፈለግሁም፤ የሆነ ነገር ሊሰበር ነው» አለኝ። ሪፖርቱንም በጽሑፍ ሰጠኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕና ዝርዝር ነበር። ኮረኮንቹ ላይ መኪናዋ እንከን እንደሌላት፣ አስፋልት ስትይዝ ግን መሪው እንደሚከብድ፣ ሲታጠፍ አንድ ሰው ከኋላ የያዛት ያህል እንደምትጎተት፣ ነዳጅ ሲለቅ በራሷ እንደምትቆም፣ ከሥር አልፎ አልፎ «ጓ» የሚል ድምፅ እንደሚሰማ ጽፏል። አብረውት የነበሩት ባለሙያዎችም አረጋገጡ። ከሰዓት ላይ ግቢው በሙሉ «አዲሷ መኪና ተበላሽታ ነው የመጣችው» እያለ ነበር። አለቃችን መኪናዋ እንድትቆምና ለሻጩ ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ረቂቁ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ።

ከመፈረሜ በፊት ዋናውን መካኒካችንን ጠራሁ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮፈን አላስከፈቱም፣ መሣሪያም አልያዙም። ሾፌሩን መሪው ላይ አስቀመጡትና መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ፣ በግቢው ኮንክሪት ላይ በዝግታ እንዲዞር ነገሩት። እሳቸው ፊተኛው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ማየት ጀመሩ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ጎማው እየተንከባለለ አልነበረም፤ ትንሽ ይሄድና ኮንክሪቱን እየፋቀ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። በተላቀቀ ቁጥር «ጭርር» ይላል፤ ጥቁር የላስቲክ ጭረትም ይተዋል። ግማሽ ክብ ሳይሞላ መኪናዋ ፍሬን እንደተያዘባት ቆመች።

ጋሼ ተነሥተው በመስኮት ክሩስኮቱን አዩ።

«ልጄ፣ ይቺ መብራት ከመቼ ጀምሮ ነው የበራችው?»

«ከወጣሁ ጀምሮ ጋሼ። ኤች 4 ላይ ነው የነዳሁት፤ ሌላ ምን ላይ ልንዳ?»

ጋሼ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። «ልክ ነህ፤ በፕራዶህ ቢሆን ሌላ የለም» አሉት።

ነገሩ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው። ፕራዶ 150 አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ ይሠራል። መቀየሪያዋ ላይ ኤች 4 ማለት የዕለት ተዕለቱ፣ የአስፋልቱ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሌላ ያለው ለከባድ ቦታ የሚሆነው ኤል 4 ነው። ይህን የሚያስችላት በፊትና በኋላ ካርዳን (ኃይልን ወደ አክስሎቹ የሚያደርሱት ዘንጎች) መካከል ያለው የመሀል ዲፈረንሻል፣ ማለትም ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው የጥርስ ስብስብ ነው። የ70ዋ ዘንግ ላይ ግን ኤች 2፣ ኤች 4 እና ኤል 4 አለ። የአስፋልቷ ኤች 2 ናት፤ ያኔ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ኤች 4 ሲገባ ፊትና ኋላ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ መሀል ላይ የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። በሁለቱ መኪኖች ላይ ምልክቱ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል።

መኪና ሲታጠፍ አራቱ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም። የውጪው ከውስጠኛው የበለጠ ይዞራል፤ ይህንን በየአክስሉ ያለው ዲፈረንሻል ይችለዋል። የፊቶቹም ከኋላዎቹ ሰፋ ያለ ክብ ይሠራሉ። ይህን ሁለተኛውን ልዩነት የሚያስተናግድ ከሌለ፣ ጭቃና አሸዋ ወይም ልቅ ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ያስተነፍሰዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው በቀላሉ አይንሸራተትም፤ ጭንቀቱ ካርዳኑና ጥርሶቹ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሁለት ሰዎች እርጥብ ልብስ ይዘው በተቃራኒ ሲጠመዝዙት ጨርቁ እየጠነከረ እንደሚሄደው። መሪው የከበደው፣ መኪናዋ በራሷ የቆመችው፣ «ጓ» ያለውም ለዚህ ነው። ኮረኮንቹ ላይ እንከን ያልታየባትም ለዚሁ ነው። የሾፌሩ ሪፖርት አንዱም ቃል ስህተት አልነበረበትም፤ ያየውን ነው የጻፈው። የተሳሳተው ከሪፖርቱ ተነሥቶ የተሰጠው ፍርድ ነው።

ሾፌሩ ወዲያው ዘንጉን ወደ ኤች 2 ሊመልስ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ሌላ ጥፋት ሲሠራ አውቃለሁ፤ በጉልበት ይታገላል፣ መዶሻ እንኳ የሚያነሣ አለ። ጋሼ እጁን ያዙት። መኪናዋን ከኮንክሪቱ ወደ ጠጠሩ አስወጥተው፣ ጎማዎቹን ቀጥ አስደርገው፣ ወደ ኋላ በዝግታ አስነዱት። ጥቂት ሜትር እንደሄደ ከሥር አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ የተጠራቀመው ተፈታ። ዘንጉ በሁለት ጣት ገባ። መብራቱ ጠፋ። ያንኑ ክብ በኮንክሪቱ ላይ ድጋሚ ዞረ፤ መኪናዋ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው ዞረች።

የሾፌሩን ፊት ሳየው አፍሮ ነበር፤ ይህ በጣም ከነከነኝ። የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረውም። ዓመታት ሙሉ ትክክል ሆኖ የሠራለትን ልማድ ነው ይዞ የመጣው፤ ጥሩ ሾፌር የሚባለውም እጁ ሳያስብ የሚሠራ ነው። የአዲስ መኪና የመጀመሪያ አስተያየት ስለ አዲሷ ብቻ የሚናገር ይመስለናል፤ ግማሹ የሚናገረው ግን ሰውዬው ከየትኛዋ መኪና ወርዶ እንደመጣ ነው። ሪፖርት ሲመጣልኝ ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ የጠየቅሁትም በርካታ የተቸገርኩባቸውን ሪፖርቶች ፈትቶልኛል።

በማግስቱ ጋሼ ሾፌሮቹን ሁሉ ጋራዥ ሰበሰቧቸው። የትኛዋ መኪና በየትኛው ወገን እንደሆነች አንድ በአንድ ነገሯቸው። ሃይሉክስ፣ የቀድሞው ፓትሮል ዋይ 61 እና ጂምኒ እንደ 70ዋ ናቸው፤ ፎር ዊላቸው ለልቅ መሬት ብቻ ነው። ላንድክሩዘር 200 እና 300፣ ላንድሮቨር ዲፌንደርም እንደ ፕራዶዋ ሁልጊዜ በአራቱም ይሄዳሉ። ይህን አሠራር በመሀል ዲፈረንሻልና በሞላ ስፕሪንግ ይዞ ብዙ ሰው ዘንድ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅሮቨር ነው። ፓጄሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣው ሁለተኛ ትውልዷ ጀምሮ ሁለቱንም በአንድ ዘንግ አጣምራለች፤ ሾፌሩ በሁለት፣ አስፋልት ላይ በሚፈቀድ አራት፣ ወይም መሀሉ በታሰረ አራት መምረጥ ይችላል። ከሾፌሮቹ አንዱ «ታዲያ ሁሉም እንደ ፓጄሮ ለምን አይሠሩም?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ቀላል የሆነው ነገር ጫካ ውስጥ ሲበላሽ ለመጠገንም ቀላል ነው አሉት፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። የ70ዋ ድህነት የሚመስለው ነገር ለእንደኛ ዓይነቱ ሥራ ሀብት ነው።

በዚያው ስብሰባ ላይ ያልጠበቅነው ሌላ ነገር ተነሣ። ፊትና ኋላ የሚታሰሩባት መኪና ላይ ሁለት አዲስ ሁለት ያለቀ ጎማ ቢገጠም፣ ቀጥ ብላ ስትሄድም ያው ጭንቀት ይፈጠራል፤ ያለቀው ጎማ ክቡ ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። እኛ ደግሞ ጎማ የምንቀይረው እንደተገኘ ነበር። ያን አሠራር አስቀረነው፤ መጠባበቂያውም ጭምር ከሌሎቹ ጋር ቦታ እየተለዋወጠ እኩል እንዲያልቅ ተደረገ።

ለሻጩ የተረቀቀው ደብዳቤ አልተላከም። የርክክብ ቅጻችን ላይ ግን አንድ ገጽ ጨመርኩ። አዲስ መኪና የሚረከብ ሾፌር በግቢው ኮንክሪት ላይ ክብ ይዞራል፣ ከዚያ ጠጠሩ ላይ በእያንዳንዱ የፎር ዊል ቦታ ይዞራል፣ ልዩነቱንም በራሱ ቃል ይጽፋል። ስክሪኑና ሬዲዮው መጨረሻ ላይ ነው የሚታዩት።

ሾፌሩ መኪናዋን ይዞ እንደገና ወጣ፤ ሁለተኛውን ሪፖርቱንም አመጣ። እንደ መጀመሪያው ዝርዝር ነበር፤ አሁን ግን የሚናገረው ስለ 70ዋ ነው። ሞተሩ ከታች ጀምሮ እንደሚጎትት፣ ኤል 4 ላይ ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬን ብዙም እንደማያስፈልግ፣ 130 ሊትር የሚይዘው የነዳጅ ታንክ ጀሪካን ከመጫን እንደገላገለው ጽፏል። ለመዞር ሰፊ ቦታ እንደምትፈልግና ጠባብ ቦታ ላይ ከፕራዶዋ ይልቅ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ወደ ኋላ ማለት እንደሚጠይቅም አልሸሸገም። አሸዋ ላይ ያየውን ነገር ለማንም ሳይጠይቅ ነው ያገኘው፦ የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ ጠበብ ብለው ስለሚቀመጡ ፊተኛው በጠቀጠቀው ላይ አይሄዱም፤ የራሳቸውን መንገድ ይቆፍራሉ፤ ስለዚህ ከፕራዶዋ ቀድሞ የጎማ ንፋስ መቀነስ ያስፈልጋል። ከኋላ የተቀመጡት ባለሙያዎች ባዶዋን ስትሄድ ባሌስትራው እንደሚያነጥራቸው አጉረምርመዋል። ለእሱም መፍትሔ አቀረበ፤ የመቆፈሪያ ዕቃው በሌላ መኪና መጫኑ ቀርቶ በእሷ እንዲጫን። የሚቀጥለውን ወር ስምሪት ስሠራ ዕቃውን ወደ እሷ አዛወርኩት።