ባዶ ሣጥን ይዞ ከሃርትፎርድ እስከ ስፕሪንግፊልድ

ሽጉጥ የለኝም፤ እንዲኖረኝም ተመኝቼ አላውቅም። የምሰበስበው አሮጌ ሪቮልቨሮች (የሚሽከረከር የጥይት መያዣ ያላቸው ሽጉጦች) ከፋብሪካ የወጡበትን ካርቶንና የእንጨት ማኅደር፣ የተጠቀለሉበትን ወረቀትና ከክዳኑ ሥር ታጥፎ የሚገኘውን የአጠቃቀም መመሪያ ነው። ገዥው ሽጉጡን አንሥቶ ካርቶኑን ስለሚጥለው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ብረቱ ሲገኝ መያዣው የለም፤ በዚህም ምክንያት ባዶው ካርቶን የራሱ ገበያ አለው። ገበያ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም። በመከር ወራት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኮነቲከትና ማሳቹሴትስ ስጓዝ፣ ያጠራጠረኝን አንድ ካርቶን በልብሶቼ መካከል ጠቅልዬ በሻንጣዬ ይዤ ነበር።

በ91 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሃርትፎርድ ሲገባ በወርቃማ ከዋክብት ያጌጠው የኮልት ሽጉጥ ፋብሪካ ሰማያዊ ጉልላት ይታያል። ዛሬ የሚታየው በ1864 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋብሪካው ከተቃጠለ በኋላ እንደገና የተሠራው ነው። ቀድሞ በጉልላቱ አናት ላይ የነበረው የፈረስ ሐውልት በኮነቲከት ታሪክ ሙዚየም ይገኛል፤ እኔም በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ።

ሌሎቹ ጎብኚዎች ብረቱን ሲያዩ እኔ ብረቱ የተኛበትን የከፋይ ጨርቅ ስመለከት ቆየሁ። በዘመኑ ሽጉጥ የሚጎርሰው በየጉድጓዱ ባሩድና እርሳስ እየተሞላ ስለነበር፣ ማኅደሩ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ትንሽ የሥራ ጠረጴዛ ነበር ማለት ይቻላል፤ የባሩድ መያዣው፣ የጥይት መቅረጫው፣ መፍቻው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥሉት የመዳብ ቆቦች ያሉበት ቆርቆሮና ቁልፉ ሁሉ በየቦታቸው ይቀመጡ ነበር። አሜሪካዊው ባለሙያ ሣጥኑን በቀጫጭን እንጨት ከፋፍሎ በከፋይ ይለብጠዋል። እንግሊዛዊውም ይከፋፍላል፤ ነገር ግን ኦክ ወይም ማሆጋኒ ይመርጣል፣ ልባሱም ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ኮልት ከ1853 እስከ 1856 በለንደን ፋብሪካ ስለነበረው በዚህ ስልት የተሠሩ የኮልት ማኅደሮች ብዙ ናቸው። ፈረንሳዊው ግን አይከፋፍልም፤ እያንዳንዱ ዕቃ በገዛ ቅርጹ ልክ በተቦረቦረ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲተኛ ያደርጋል። ለእኔ የሚያምረው የፈረንሳዩ ነው፤ የሚጠቅመው ግን የአሜሪካው ይመስለኛል፤ በተቦረቦረ አልጋ ላይ ሌላ ሽጉጥ አይተኛምና።

የፋብሪካው መሥራች ሳሙኤል ኮልት የስጦታን ኃይል የሚያውቅ ነጋዴ ነበር። በ1854 ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለቀዳማዊ ኒኮላስ በወርቅ ያጌጠ ሽጉጥ አበርክቷል፤ ሽጉጡ ዛሬ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ለወዳጆቹ ያሠራው የመጽሐፍ ቅርጽ ያለው ማኅደር ነው። ከውጭ ሲያዩት ጥራዝ ነው፤ በጀርባው «ኮልት ስለ ሕገ መንግሥቱ» የሚል ርእስ ተጽፎበታል፤ ሲከፈት ግን የሚገኘው ትንሽ የኪስ ሽጉጥ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተቃረበበት ወቅት እንዲህ ያለ ቀልድ መቀለድ ድፍረት ይጠይቃል። እርሱ ራሱ በጥር 1862 በ47 ዓመቱ ስለሞተ የጦርነቱን ፍጻሜ አላየም። ባለቤቱ ኤልሳቤጥ የእርሱን ስብስብ በ1905 በሃርትፎርድ ለሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለዋድስወርዝ አቴኒየም ተናዝዛለች፤ ወደዚያ የደረስኩት ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ስለነበር የማወራው ብዙ የለኝም።

በማግስቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን በባቡር ተጉዤ እስከ 2023 የሽጉጥ ሠሪው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን መናገሻ ወደ ነበረችው ስፕሪንግፊልድ ሄድኩ። በዚያ ለብዙ ወራት በደብዳቤ የተዋወቅኋቸው አንድ አዛውንት ሰብሳቢ ይኖራሉ። በምድር ቤታቸው ውስጥ የመስኮቱ መጋረጃ ተዘግቷል፤ ብርሃን ከፋይን ያነጣል ብለው ያምናሉ፣ እውነታቸውንም ነው። በመጀመሪያ ያሳዩኝ ለ1857ቱ ትንሽ ሽጉጥ፣ ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቁጥር አንድ፣ የተሠራ ጥቁር ማኅደር ነበር፤ የሽጉጡ ምስል ክዳኑ ላይ ጎልቶ ተቀርጿል። ቀጥለው አንድ የእንግሊዝ የኦክ ሣጥን ከፈቱ። በአንዱ ክፍል ያሉት የእርሳስ ጥይቶች ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር።

«ይህን እንዳይነኩት» አሉኝ። «ኦክ አሲድ ይተነፍሳል፤ እርሳሱን እንዲህ አድርጎ የሚበላው እርሱ ነው። ይህን የመሰለ ነጭ ዱቄት ከሌለ፣ ጥይቶቹ እዚህ ሣጥን ውስጥ መቼ እንደገቡ ይጠይቁ።»

ከዚያም በእጅ ባትሪ ከጎን እያበሩ ከፋዩን አሳዩኝ። ሽጉጡ ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በተኛበት ቦታ የከፋዩ ጠጉር ተጨፍልቆ የቃታው ዘብ ቅስትና የጥይት መያዣው ክብ ጥርት ብለው ይታያሉ። ሌላ ሽጉጥ ቢያስቀምጡበት ጠርዙ ከዚህ አሻራ ጋር አይገጥምም። ሻጮች «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ» የሚሉት ሣጥን ብዙ ጊዜ የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ የእኔን ካርቶን አወጣሁ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለተሠራ፣ ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻል ለሚባል ሽጉጥ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ነበር። አዛውንቱ ገልብጠው የታችኛውን ገጽ አዩ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች የሽጉጡን ቁጥር በእጅ የሚጽፉት እዚያ ነውና። ከእኔ ካርቶን ላይ ግን ተፍቋል። መብራቱን አጥፍተው የአልትራቫዮሌት መብራት አበሩበት። ካርቶኑ እንደ ደረቀ ቅጠል ደብዝዞ ቀረ፤ በጠባቡ ጎን ያለው የሞዴል መለያ ወረቀት ግን ሰማያዊ ሆኖ አበራ። ወረቀት የሚያነጣው እንዲህ ያለ የሚያበራ ኬሚካል በወረቀት ውስጥ የተለመደው ከ1950 ወዲህ ነው። ካርቶኑ እውነተኛ፣ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነበር፤ አንዱ ርካሽ ሞዴል የነበረበትን ካርቶን ውድ አድርጎት ነበር ማለት ነው።

ተናደድኩ፤ ልጥለውም ፈለግሁ። እርሳቸው ግን ካርቶኑን ወስደው በውስጠኛው የክዳን ገጽ ላይ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደላት፣ «መለያው እንደገና የታተመ ነው» ብለው ጻፉና ቀኑን አከሉበት። ከዚያም በአሮጌ የዝገት መከላከያ ወረቀት ጠቅልለው መልሰው ሰጡኝ።