መቀስ የሚችል ዛፍ ፍለጋ፦ የሦስተኛ ዓመት የቦንሳይ ማስታወሻዬ

ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን ሸክላ ውስጥ እየገረዙ ትንሽ አድርጎ የማሳደግ ጥበብ፣ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አምስት ዛፎች በሕይወት አሉ። ሁለት ገድያለሁ። ከአምስቱ ይልቅ ያስተማሩኝ ሁለቱ ሟቾች ስለሆኑ ከነሱ ልጀምር።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፎቶ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ የሚገኘውን የያማኪ ነጭ ፓይን የሚባለውን ቦንሳይ አየሁ፤ ፓይን ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጥድ መሰል ዛፍ ነው። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲገረዝ የኖረ፣ በ1945 ከሂሮሺማው ቦምብ የተረፈ፣ በ1976 ደግሞ ለአሜሪካ በስጦታ የተሰጠ ዛፍ ነው። ልቤን ወሰደው። እሱን የሚመስል ነገር ስፈልግ አንዲት ጠመዝማዛ ትንሽ ጥድ አገኘሁና ገዛሁ። ቤት አምጥቼም ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት።

አንድ ወር ሙሉ አማረችብኝ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ አሳያለሁ። ከዚያ ቅጠሏን ስነካው ደረቅ ደረቅ አለኝ፤ ቀለሙም ፈዘዝ አለ። ውሃ ጨመርኩ። ለካ ከሞተች ሰንብታለች! ጥድ ሥሩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። ሬሳ ውሃ ሳጠጣ ነው የከረምኩት።

ጥድ የደጅ ዛፍ ነው። ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል። የሳሎን ብርሃን ለኛ ዓይን በቂ ቢመስልም ለሱ ጨለማ ነው። ስለዚህ አሁን አንድ ዛፍ ዓይኔ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ላኖረው ነው?» ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ከሆነ የሞቃት አካባቢ ዛፎች ናቸው የሚያዋጡት። ከነሱም ፋይከስ፣ የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆነው፣ ለኔ አንደኛ ነው። እሱም ቢሆን መስኮት አጠገብ መሆን አለበት። ሜፕል የሚባለው የብርድ አገር ዛፍ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በብርድ ወቅት ቅጠሉን አራግፎ ማረፍ አለበት፤ ዓመቱን ሙሉ ሞቅ ባለ ክፍል ካቆያችሁት እየመነመነ ይሄዳል። በጣም እወደዋለሁ፣ ግን አልገዛሁም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «መቀስ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። በኔ እይታ ትልቁ ይሄ ነው። ቅርንጫፉን አሳጥሬ ብቆርጠው ቅጠል ከሌለው እርቃን እንጨት ላይ አዲስ ቡቃያ ያወጣል? የዛፍ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ይሄ ሆርሞን ከታች የተኙትን ቡቃያዎች አፍኖ ይይዛቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ይነቃሉ። ችግሩ ከአሮጌ እንጨት ውስጥ የሚነቃ ቡቃያ ያለው ሁሉም ዛፍ አይደለም። ፋይከስ፣ ወይራና የቻይና ኤልም አላቸው። እነዚህ ይቅር ባዮች ናቸው፤ ዛሬ ብትሳሳቱ ከወራት በኋላ የምትመርጡት አዲስ ቅርንጫፍ ይሰጧችኋል። ጥድና ፓይን ግን አረንጓዴ ሳታስቀሩ ከቆረጣችኋቸው ያ ቅርንጫፍ አበቃለት። ለጀማሪ ይሄ ልዩነት ከመልክ በላይ ነው።

ሁለተኛው ሟች ጄድ ነበር፣ ያ ቅጠለ ወፍራሙ። «አይሞትም» ሲባል ሰምቼ ነበር። እኔ ግን ቻልኩበት! ሥሩን ገርዤ፣ ሸክላውን ቀይሬ፣ እዚያው በዚያው ጥግብ አድርጌ አጠጣሁት። ግንዱ ከሥሩ በሰበሰ። ጄድ ውሃውን ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሥሩ ከተቆረጠ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ውሃ መከልከል ነበረበት። ከላይ ያልበሰበሰውን ቅርንጫፍ ቆርጬ ለአንድ ሳምንት መደርደሪያ ላይ ጣልኩት፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ሰካሁት። ሥር ያዘ። ከአምስቱ አንዱ እሱ ነው።

ስለ ቅጠል አንድ ነገር ልበል። ጃካራንዳ ልሞክር ብዬ ነበር፤ ቅጠሉ ደቃቅ መስሎኝ። ለካ እነዚያ ደቃቆች ተደርድረው ነው አንድ ረጅም ቅጠል የሚሆኑት፤ ትንሽ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል መጥረጊያ ይመስላል። ተውኩት። ቅጠል ዛፉ በተገረዘ ቁጥር እያነሰ ይመጣል፣ አበባና ፍሬ ግን አያንስም። ሮማን ለምትፈልጉ «ናና» የሚባለው ድንክ ዝርያ ፍሬው ራሱ ትንሽ ስለሆነ ይሻላል።

ግንድን በተመለከተ ብዙም አልልም። ጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ ግንድ አይወፍርም ማለት ይቻላል። ወይ ወፍራሙን ግዙ፣ ወይ መሬት ላይ ተክላችሁ ጠብቁ። ስትገዙም አፈሩን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ የግንዱን ግርጌ እዩ። ሥሮቹ ዙሪያውን ተዘርግተው መሬቱን የያዙ መምሰል አለባቸው። ጃፓኖች ኔባሪ ይሉታል። በአንድ በኩል ብቻ ሥር ያለውን ዛፍ እኔ እዚያው ትቼው ነው የምሄደው።

አሁን ሙሉ ትኩረቴ ወይራው ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት ፈርቼ ፈርቼ ግንዱን ከግማሽ በታች ቆረጥኩት። አምስት ሳምንት ምንም የለም። ይሄም ሄደ ብዬ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከቁርጡ በታች፣ እርቃኑ ቅርፊት ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። አሁን አራት ሆነዋል። አንዱ የበቀለው ግንዱ በታጠፈበት በውስጥ በኩል ነው፤ እሱን እነቅለዋለሁ። ሦስቱን 15 ሴንቲሜትር እስኪደርሱ በመቀስ አልነካቸውም።