ሁለተኛው ስንኝ

ቅዳሜ ማታ። ዝናብ። ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ ተቀምጦ «ዝናብ ነው» ብሎ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው፤ ግን ይኸው ጻፍኩት።

ዛሬ ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ወ. ነበር። ያንኑ ነገር ደገመችው፤ እኔም ያንኑ ዝምታዬን ደገምኩ። ከሥራ ስወጣ ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር። የምጽፈውን በልቤ እየደረደርኩ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የራግቢ ቀን መሆኑን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

አውቶቡሱ ቀይ በቀይ ነው። አንድ ጢሙ በቢራ የራሰ ሰውዬ ድንገት መዝሙር አነሳ፤ ከኋላ ተቀበሉት። ፎቁ ሁሉ ተነቃነቀ። «የሰማይ እንጀራ!» እያሉ ነው፤ በእንግሊዝኛቸው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት ሻይ ብቻ ነው። እነሱ እንጀራ ሲሉ እኔ የታየኝ ሽሮ የፈሰሰበት ነው። መስኮቱን ወደ ማየት ዞርኩ።

እዚያው ላይ ነው ወ. ከሐሳቤ ሹልክ ብላ የወጣችው።

ሌሊት አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ ስለዚህ መዝሙር አንዴ አጫውቶኛል። የገጠር ሰው ነው፤ ዌልሽኛ ካላወራ ሌሊቱ አይነጋለትም። «የስታዲየሙን ተወው፣ እሱ የፓንተኬሊን ነው፤ ያውም ትርጉም» አለኝ። «እኛ በዚህ ዜማ የምንዘምረው የአን ግሪፊትስን ግጥም ነው።»

ፓንተኬሊን የእርሻ ቤት ስም ነው። ሰውዬው ዊልያም ዊልያምስ ይባላል፤ ከ1717 እስከ 1791 የኖረ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)፣ ወደ 900 መዝሙር የጻፈ ሰባኪ። ለምን በእርሻው ይጠሩታል? ዌልሶች ድሮ እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። «አፕ» ማለት «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። ኋላ የእንግሊዝ ወግ ሲገባ ስሙ እንዳለ ደርቆ ቀረ፤ «አፕ ሪስ» ፕራይስ ሆነ፣ «አፕ ሃወል» ፓወል ሆነ። አገሩ በሙሉ ጆንስና ዊልያምስ ሲሆን ሰውን በእርሻው፣ በሙያው፣ በብዕር ስሙ መለየት ግድ ሆነ። የዚህን መዝሙር ዜማ የደረሰው ጆን ሂውዝ የሚባል የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በ1907፣ ሮንዳ ሸለቆ አፍ ላይ ላለች አንዲት ጸሎት ቤት። የአንን ግጥሞች ጽፎ ያቆየውም ጆን ሂውዝ ነው። ሌላ ሰው! መቶ ዓመት ይቀድመዋል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰው መስለውኝ «ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት ነው የኖረው?» ስል ከርሜያለሁ።

አን ግሪፊትስ የገበሬ ልጅ ናት። በ1776 ዶልዋር ቫኽ በሚባል እርሻ ተወለደች። ጭፈራ ወዳድ ነበረች ይላሉ። በ20 ዓመቷ ገደማ አንድ ስብከት ሰማችና ነገሯ ሁሉ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ እያለች፣ ስትፈትል ስንኝ ይመጣላታል። የመጣላትን ለሠራተኛዋ ለሩት ትነግራታለች። ሩት ኢቫንስ መጻፍ አትችልም። በቃሏ ያዘችው።

በ1805 አን ወለደች። ሕፃኗ በሁለት ሳምንቷ ሞተች። ብዙም አልቆየችም፣ እናትየዋም ተከተለቻት። 29 ዓመቷ ነበር። በገዛ እጇ ከጻፈችው ግጥም የተረፈው አንድ አንጓ ብቻ ነው፤ ለወዳጇ በላከችው ደብዳቤ ውስጥ። የቀረው 70 ገደማ አንጓ ያለው ሩት ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሩት በዚያው ዓመት ሰባኪውን ጆን ሂውዝን አግብታለች። እሷ አለች፣ እሱ ጻፈ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የዚያች ክፍል ነገር ነው። እሱ ሸማኔ የነበረ ሰው ነው፤ እጁ ከብዕር ይልቅ ክር ያውቃል። «ቀስ በይ እንጂ» ሲላት ይታየኛል። እሷ ደግሞ መሃል ላይ ካቋረጣት ይጠፋባታል፤ እንደገና ከራሱ መጀመር አለባት። እኔ «ከ‹ነ› በፊት ማን ነው?» ሲሉኝ ከ«ሀ» ጀምሬ እንደምወርደው። ደግሞስ አንዷ ቃል ጠፍታባት ከራሷ ሞልታ ቢሆንስ? ዌልስ በሙሉ «አን» እያለ የሩትን ቃል እየዘመረ ቢሆንስ? ይህንን ሽማግሌውን ጠየቅኩት። ሻይውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ «ስኳር አቀብለኝ» አለ።

አን ቁርባን ለመቀበል ተራራ አቋርጣ ባላ ድረስ በእግሯ ትሄድ ነበር። እዚያ ቶማስ ቻርልስ የሚባል ሰባኪ አለ። በ1800 የ15 ዓመቷ ሜሪ ጆንስ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በባዶ እግሯ የተጓዘችው ወደዚሁ ሰው ነው። የእሷ ነገር፣ በ1804 ለንደን ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እንዲቋቋም ከገፉት አንዱ ሆነ ይባላል። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው። ተርጓሚው ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሉት የእኛው አባ አብርሃም ነው። ካይሮ ከአንድ የፈረንሳይ ዲፕሎማት ጋር ተቀምጦ አሥር ዓመት ለፋበት፤ በ1819 በወረርሽኝ ሞተ። አንዲት ገጽ ታትማ አላየም። አንም አላየችም።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ስለ ወ.። ይቅር።

እኛ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ገጣሚዋ ሠራተኛችን ነበረች፤ ማንበብና መጻፍ የምንችለው ደግሞ እኛ። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ የኛን ካልሲ እያሸች ታንጎራጉራለች። አንዱ ካልሲ ሲያልቅ ግጥሙም ያልቃል፤ ሌላ ካልሲ፣ ሌላ ግጥም። ከሬዲዮ የሰማችው አልነበረም፤ ስለ ግቢያችን ውሻና ስለ እናቴ ቁጣ የሚገጥም ሬዲዮ የለም። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ደብተርና እርሳስ እጄ ላይ። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ይህ ነው፦

ጎመን ዘርቼ ነበር ከወንዛችን ዳርቻ፣

አለቀ። ሁለተኛው ስንኝ የለም። የአማርኛ ግጥም ደግሞ ክፉ ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ መንደርደሪያ ነው፣ ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እኔ ጎመኑን ይዤ ቀረሁ። ዛሬ ማታ ልሞላው ሞከርኩ። «ዳርቻ»ን የሚመታ ፈልጌ፣ መቼም «ለብቻ» ነው የሚመጣው። «ሁሉም ጥሎኝ ሄደ ቀረሁ እኔ ለብቻ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩት። ይህንን ካርዲፍ ያለ ሀበሻ ሁሉ ይጽፈዋል። እሷ እንዲህ አትልም ነበር። የእሷ ያስቅ ነበር፤ መሳቄን አስታውሳለሁ። ሰረዝኩት።

አልማዝ እንላት ነበር። ከአገሯ ይዛው የመጣችው ስም ለአፋችን አልመች ብሎ እናቴ ናት ያወጣችላት። የሩትን የአባት ስም አውቃለሁ፤ የባሏን ሙያ አውቃለሁ። የእሷን የራሷን ስም አላውቀውም።

ሰዓቱን ሳላይ እናቴ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አልፏል።

«ምን ሆንክ?» አለች ገና ከማንሳቷ።

«ምንም አልሆንኩም። ድሮ እኛ ቤት የነበረችው፣ አልማዝ። ትክክለኛ ስሟ ማን ነበር?»

«የትኛዋ አልማዝ?»

ለካ ሁለት ነበሩ። ምናልባት ሦስት። ስሙ ከሥራው ጋር አብሮ የሚሰጥ ነበር።

«ያቺ የምታንጎራጉረዋ።»

«ሁሉም ያንጎራጉራሉ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ፣ ድምጿ ነቃ አለ። «ምነው፣ አገኘችህ እንዴ? ደሞዜ ቀረ አለች?»

«ቀርቶባት ነበር እንዴ?» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ወይም እኔ ዘጋሁት። ከአምስት ደቂቃ በፊት የሆነ ነገር ነው፤ አላስታውስም። ሩት ብትሆን ታስታውሰው ነበር።

ወተቱን አውቶቡስ ላይ ረስቼዋለሁ።