ክላውንፊሽ ለማሳደግ መጀመሪያ ውሃውን

ቤት የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣዎቹ ነው። «ይናከሳሉ?» «ለጾም ነው የምታሳድጋቸው?» የእኔ ልፋት ግን ከዓሣው ይልቅ ከውሃው ጋር ነው። ክላውንፊሽ፣ ያቺ ብርቱካናማዋ ባለ ነጭ መቀነት ዓሣ፣ ከጨው ውሃ ዓሣዎች መካከል ቻይ ከሚባሉት ናት። ውሃው ከተስተካከለላት ብዙ አታስቸግርም።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ገንዳዬ 75 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለሁለት ክላውንፊሽ ይበቃል። ከዚህ ባያንስ ይሻላል፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ጨዉም ሙቀቱም ቶሎ ይዛባል። የቧንቧ ውሃችን ክሎራሚን የሚባል፣ ዓሣ የሚጎዳ የጀርም መግደያ ስላለበት እንዳለ አልጠቀምበትም። በማጣሪያ አሳልፌ፣ ለአኳሪየም የሚሸጠውን የባሕር ጨው በባልዲ እበጠብጣለሁ፤ ትንሽ ፓምፕ ከትቼበት አሳድረዋለሁ። በማግስቱ በጨው መለኪያው፣ በሪፍራክቶሜትር፣ ስለካው 1.025 (ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) ካሳየ፣ ሙቀቱም 25 ወይም 26 ዲግሪ ከሆነ፣ አለቀ። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። የባሕር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌላም ብዙ ነገር አለበት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ድንጋይና አሸዋ ብቻ ያለበት ገንዳ ከወር በላይ ሳሎን ተቀመጠ። ባለቤቴ «ድንጋዩ እንዴት አደረ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ያኔ ነው። የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ድንጋዩ ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። በጠብታ አሞኒያ እየጨመርኩ እለካ ነበር። የጨመርኩት በአንድ ቀን ውስጥ ሲጠፋ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን፣ ዓሣ ልገዛ ሄድኩ።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ውሃው ይተናል፤ ጨዉ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። መስተዋቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ምልክት አድርጌያለሁ፤ ከዚያ ዝቅ ሲል እሞላለሁ። በብርዱ ወራት ሂተር ሲበራ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። የጨው ውሃ የምጨምረው በየሁለት ሳምንቱ ከገንዳው 10 በመቶ ገደማ ቀድቼ ስለውጥ ብቻ ነው።

ዓሣዎቹን ስገዛ ከባሕር የተያዙትን ትቼ በሰው እጅ የተፈለፈሉትን ወሰድኩ። ምግብ አያማርጡም፤ በሽታ ይዘው የመምጣታቸው ዕድልም ያነሰ ነው። አንዱን ተለቅ ያለ፣ አንዱን አነስ ያለ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ክላውንፊሽ ሕይወቱን የሚጀምረው ወንድ ሆኖ ነው፤ ከጥንዱ የበረታው ወደ ሴት ይለወጣል። እኩያ ከሆኑ ማን ይብለጥ እያሉ ሲፋለሙ ይከርማሉ። የእኔዎቹም መጀመሪያ ተነካክሰዋል። አንድ ቀን ግን ትንሹ ጎኑን ሰጥቶ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላላወቀው የታመመ ይመስላል። ትልቋ አየት አደረገችውና አልፋው ሄደች። «ገብሬያለሁ» ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠብ የለም።

ባሕር ውስጥ የሚጠለሉበት አኔሞኒ፣ ያ አበባ የሚመስለው ተናዳፊ እንስሳ፣ እኔ ቤት የለም። ጠንካራ መብራትና የቆየ ገንዳ ይፈልጋል። ከቦታው ተነሥቶ ፓምፕ ውስጥ ከገባ ደግሞ ተቆራርጦ ውሃውን ያበላሻል። ክላውንፊሽ ያለ እሱም ይኖራል። የእኔዎቹ የመረጡት ያጋደምኩላቸውን ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ እንቁላል የጣሉትም እዚያው። ወንዱ በክንፉ እያራገበ፣ በአፉ እያጸዳ ይጠብቃል። ብርቱካናማዎቹ እንቁላሎች ቀስ በቀስ ይጠቁሩና ብርማ ዓይኖች ብቅ ይሉባቸዋል። ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ይፈለፈላሉ። እና አዎ፣ ትልልቆቹ እንቁላል ሲጠብቁ ይናከሳሉ። መስተዋቱን ስፈገፍግ ሴቷ እጄን ነክሳኛለች፤ አያደማም፣ ያስደነግጣል እንጂ። የተፈለፈሉትን ማሳደግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ሕያው ምግብ ማርባት ይጠይቃል፤ እኔ አልገባሁበትም።

ትልልቆቹ በቀን ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ይበቃቸዋል። አገር ቤት ስሄድ የምፈራው የአበሻን ደግነት ነው። አደራ የተቀበለው ሰው አንጀቱን ይበሉትና ደጋግሞ ያጎርሳቸዋል፤ የተረፈው ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል። ስለዚህ የየቀኑን ምግብ መጥኜ የቀናት ስም በተጻፈበት የክኒን ሳጥን እሞላለሁ። ዋናውን ቆርቆሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄ እሄዳለሁ።