ከክረምት ሜዳ ወደ ሊግ የገባን ተጫዋች ማክበር፦ ከመዝገቡ እስከ በርጩማው

ሐምሌ ሲገባ ጅማ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋና የሰፈር ውድድር ይከፈታል። የሒርማታው፣ የመንቲናው፣ የቦሳው፣ የጊንጆው ልጅ የሰፈሩን ማልያ ለብሶ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ከእነዚህ ልጆች ጥቂቶቹ ከፍተኛ ሊግ ይደርሳሉ፤ ከጥቂቶቹም ጥቂቶቹ ፕሪሚየር ሊግ። የከተማዋ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ስላነሳ ከተማዋ ትልቅ ኳስ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። እነዚህን ልጆች ጠርቶ ማክበርም የሚገባ ነገር ነው። ችግሩ አብዛኛው ዝግጅት የሚያወራው ተጫዋቹ አሁን ስላለበት ክለብ መሆኑ ነው። እሱንማ በሬዲዮ ሰምተነዋል። መነገር ያለበት በሰፈሩ ማልያ በዚያ ክረምት የሠራው ነው።

አሜሪካኖች ይህን በደንብ ገብቷቸዋል። በማሳቹሴትስ ግዛት ኬፕ ኮድ በሚባል የባሕር ዳርቻ የቤዝቦል የበጋ ሊግ አለ። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ። ተጫዋቾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዝ የለም፤ የሚያድሩትም በአካባቢው ቤተሰቦች ቤት ነው። ተርማን መንሰን የተባለ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያ ለቻተም ቡድን ሲጫወት የመምቻ አማካዩ .420 ነበር፤ ከ100 ሙከራ 42 ጊዜ መትቶ ቤዝ (ማረፊያ) ደርሷል እንደማለት ነው። በቤዝቦል ከ100 ሙከራ 30 የደረሰ ጎበዝ ይባላል። መንሰን ኋላ የታዋቂው ክለብ የኒው ዮርክ ያንኪስ አምበል ሆነ። ኬፕ ኮድ ግን እስከ ዛሬ የሚያነሳው ያችን የ1967 ቁጥር ነው፤ በሊጉ ከፍተኛውን አማካይ ያስመዘገበ ልጅ የሚሸለመውም በመንሰን ስም ነው። ይህ የሆነው በዚያ ዓመት አንድ ሰው ከሜዳው ዳር ተቀምጦ እያንዳንዷን ምት ስለጻፈ ነው።

እኛስ በክብሩ ቀን ከየትኛው መዝገብ ምን እናነባለን? ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አስቀድሞ መስፈርት ይጻፍ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ቢያንስ ሁለት ክረምት በሰፈር ቡድን ዝርዝር ውስጥ የነበረ፣ ከዚያም ከፕሪሚየር ሊግ ወይም ከከፍተኛ ሊግ ክለብ ጋር ፈርሞ ቢያንስ አንድ ጨዋታ የተሰለፈ። የሴቶች ሊግም እኩል ይቆጠር። «ፕሮፌሽናል» የሚለውን ቃል ግን አታስገቡት። በእኛ ዘንድ ቃሉ ውጭ አገር የሄደ ተጫዋች ማለት ሆኗልና ስብሰባው በትርጉም ክርክር ያልቃል።

ቀጥሎ ማስረጃ። ለእያንዳንዱ ተሸላሚ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የቡድኑን የተጫዋቾች ዝርዝር፣ የዳኛውን ወይም የኮሚሽነሩን የጨዋታ ሪፖርት፣ ጀርባው ላይ ዓመት የተጻፈበት ፎቶ። ወረቀቱ ከጠፋ ሦስት ምስክር ይያዝ፤ አንዱ የግድ ከተጋጣሚ ሰፈር ይሁን። የራስ ሰፈር ሰው ጎል ያበዛል፤ ጎል የገባበት በረኛ ግን አይጨምርም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያጋጥማል። የመጀመሪያው ቅጽል ስም ነው። የክረምት ዝርዝር ላይ «ጩኒ»፣ «ማሜ» ተብሎ ይጻፋል፤ የክለቡ ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) ላይ ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ መስመር ጽፋችሁ ተጫዋቹን ራሱን አስፈርሙት። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ በሰው ስም የተጫወተ ልጅ አለ። ቴሴራ ሳይኖረው የቀረው የሌላ ልጅ ቴሴራ ይዞ ይገባ ነበር። እንዲህ ያለው ክረምት ከቆጠራው ይውጣ፣ መድረክ ላይም አይነሳ። ስሙን ያዋሰው ልጅ ዛሬ እዚያው ሰፈር የሚኖር ሰው ነውና በማይክሮፎን ማንሳቱ ለማንም አይጠቅምም።

ዓመቱን ተጠንቀቁ። ክረምቱ የዓመቱ መጨረሻ፣ የክለብ ውድድር ደግሞ የአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ነው። ነሐሴ 2008 ሰፈሩ ውስጥ ሲጫወት የነበረ ልጅ መስከረም 2009 ሲፈርም መሀሉ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ሲጻፍ ግን ዓመት የዘለለ ይመስላል። ከኢንተርኔት የተገኘ መረጃ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ከመስከረም በፊት ላለው 8 ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7 ዓመት ይቀነስ። የሚቀረጸው ሁሉ በዓ.ም. ብቻ ይሁን።

ቀኑን በተመለከተ፣ ለፍጻሜው ጨዋታ ማቆየት ስሕተት ነው። ፍጻሜው ወደ ነሐሴ መጨረሻ ይገፋል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ክለቦች ቅድመ ውድድር ዝግጅት ገብተው ስለሚሆን ተጫዋቹ ፈቃድ አያገኝም። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ያለውን እሑድ ያዙ። ሰዓቱም ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ይሁን፣ የጅማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይበረታልና። በእረፍት ሰዓት አይሁን። ለአንድ ሰው ስምና መዝገብ ማንበብ 40 ሰከንድ፣ እስከ መሀል ሜዳ መራመድ 20፣ መቀበልና ፎቶ 30፤ ስድስት ሰው 9 ደቂቃ ነው። እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ አንድ የክብር እንግዳ ንግግር ላድርግ ካለ ሁለተኛው አጋማሽ ዝናብ ውስጥ ይገባል። ከጨዋታው በፊት ጨርሱት።

ስለ ስጦታው አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ከሱቅ የሚገዛው በወርቅማ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ዋንጫ በሁለት ክረምት ይላጣል። ጅማ በርጩማ የሚፈለፍል ባለሙያ ያላት ከተማ ናት፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የወጣ በርጩማ የልጅ ልጅ ይቀመጥበታል። ሲታዘዝ እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፤ ለሥራ ልል ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ባለሙያውን የምትጠይቁት አንድ ዋና ጥያቄ የግንዱ እምብርት የት እንደሚውል ነው። እምብርቱ መቀመጫው መሀል ከዋለ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ዳርና መሀሉ እኩል ስለማይሰበሰብ ከመሀል ወደ ዳር ይሰነጠቃል። እምብርቱን ወደ ጎን ትቶ የሚፈለፈል ግንድ ይመረጥ። ትእዛዙ በሚያዝያ ይሰጥ፤ በሰኔ የታዘዘ በርጩማ እርጥብ ሆኖ ይመጣል፣ እርጥብ ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ደግሞ ነጭ ይሆናል ወይም ያብጣል። ጽሑፉ ከመቀመጫው ሥር በጋለ ብረት ይጻፍ፦ ሙሉ ስም፣ የሰፈሩ ቡድን፣ ክረምቶቹ፣ ጨዋታና ጎል። በረኛ ከሆነ ጎል ያልገባበት ጨዋታ ብዛት። የክለቡ ስም አያስፈልግም። ከመጻፉ በፊት የተጫዋቹ እናት ወይም አባት ስሙን በወረቀት ላይ አይተው ያረጋግጡ፤ እንጨት ላይ የተቃጠለ «ሀ» ወደ «ሐ» አይመለስም።

በዕለቱ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ለወላጆችና ለመጀመሪያው አሰልጣኝ የእድር ድንኳን አንድ፣ ወንበር በስም ተለጥፎ። ጄኔሬተር፣ ድምፅ ማጉያው ላይ የሚለብስ ላስቲክ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ መጋጠሚያ መሬት አይንካ፣ ከፍ ብሎ ይታሰር። አንባቢው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያንብብ፣ ስሞቹንም ከዋዜማው ከቤተሰቡ ሰምቶ ይለማመድ። በርጩማውን የሚያስረክበው ባለሥልጣን ሳይሆን የመጀመሪያው አሰልጣኝ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አሰልጣኙ በሕይወት ከሌለ የዚያን ክረምት አምበል። ተጫዋቹ ካልመጣ እናቱ ትቀበል እንጂ ተወካይ ከክለብ አይጠራ።

የተሰበሰበው መዝገብ በሦስት ቅጂ ይባዛ፤ አንዱ ለተጫዋቹ፣ አንዱ ለሰፈሩ ቡድን፣ አንዱ ለውድድሩ ኮሚቴ። በዚያው ጠዋት ከሽልማቱ ቀጥሎ የሚጫወቱት የሁለቱ ቡድኖች ዝርዝርም እስከ አያት ስም ተሞልቶ፣ ጎል ያገባውና ደቂቃው በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ በላስቲክ ማኅደር ውስጥ አብሮ ይግባ።