የገና ሰሞን ሜዳ፦ ከማሄራ እስከ ክሮክ ፓርክ

ውድ ወዳጆቼና የምትከታተሉኝ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ጾሙን በሰላም ፈጽማችሁ ለዶሮ ወጡ የደረሳችሁ፣ በሰው አገር ሥራ ገብታችሁ በዓሉን በስልክ የምታከብሩ፣ በዓሉ የእናንተ ባይሆንም ከጎረቤት ጋር ቡና የምትጠጡ ሁሉ፣ መልእክቴ ለእናንተ ነው።

ዘንድሮ ስለ ላሊበላው ቤዛ ኩሉም ሆነ ስለ በዓል ገበያ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አየርላንድ ክለቦች የጌሊክ እግር ኳስ ሻምፒዮና ነው። የእኛ ገና የሚውለው የምኖርበት አገር ሰዎች የራሳቸውን ገና ጨርሰው ወደ ሥራ በተመለሱበት፣ ይህ ውድድር ግን ወደ መጨረሻው በተቃረበበት ሰሞን ስለሆነ፣ እኔ ለበዓሉ ሽንኩርት ስከትፍ በቴሌቪዥኑ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ የዚህ ውድድር ነው። የአገሩን ነገር ስለምተርክ ዓመቶቹንና ወራቱን የጻፍኋቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሷ በእጅም በእግርም ትጫወታለች፤ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ የገባች ኳስ 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለፈች ደግሞ 1 ነጥብ ታስገኛለች። ከ2025 ወዲህ ከሩቅ ተመትታ በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ እንድትሆን ሕጉ ተሻሽሏል፤ የምነግራችሁ ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ጎሉና ነጥቡ ተለይቶ ስለሚጻፍ 1-11 የሚል ውጤት ስታዩ ድምሩ 14 መሆኑን አትርሱ።

ይህን ስፖርት የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 ተርልስ በምትባል ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ። ደብሊን ካለው ታላቅ ስታዲየም ከክሮክ ፓርክ ሰማንያ ሺህ መቀመጫ አልፎ የማኅበሩን ምሥጢር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ክለቦቹ መውረድ አለበት። ክለቦቹ ባብዛኛው የቤተ ክርስቲያን አጥቢያን ወሰን ይዘው የተመሠረቱ ናቸው፤ ተጫዋቹ የሚሰለፈው ለተወለደበት ወይም ለሚኖርበት አጥቢያ ሲሆን ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ዓርብ ዕለት ሲያስተምር የዋለው መምህር ወይም ግንብ ሲገነባ የዋለው ሠራተኛ እሑድ በሺዎች ፊት ይጫወትና ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ይመለሳል። ዝውውር ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም፤ በ2022 የጎልዌዩ ዕውቅ አጥቂ ሼን ዋልሽ የትውልድ ክለቡን ትቶ ደብሊን ወዳለው ኪልማኩድ ክሮክስ ሲዛወር አገር ያነጋገረውም እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ስለሆነ ነው። ለአሸናፊው የሚሰጠው ዋንጫ እንኳ የተሰየመው በእርሻ ሥራ ላይ በደረሰ አደጋ በሞተው የዌክስፎርድ ተጫዋች በአንዲ ሜሪጋን ስም ነው።

ውድድሩ እንደ መሰላል ነው። ክለቦች በበጋው መጨረሻ በየካውንቲያቸው (ካውንቲ እንደ አውራጃ ያለ ነው) ይጀምራሉ፤ የየካውንቲው ሻምፒዮን በጥቅምት ይለያል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሻምፒዮኖቹ በየክፍለ ሀገሩ በጥሎ ማለፍ ይገናኛሉ፤ ከዚያ የአራቱ ክፍለ ሀገራት አሸናፊዎች በጥር ወር ለመላው አየርላንድ ዋንጫ ይፋለማሉ። እስከ 2019 ድረስ ፍጻሜው የሚካሄደው በመጋቢት 17፣ በቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነበር። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ካውንቲዎች በምርጥ ቡድኖቻቸው እርስ በርስ የሚፋለሙበት ትልቅ ውድድር በሐምሌ እንዲያልቅ ስለተደረገ፣ ክለቦች የዓመቱን ሁለተኛ አጋማሽ ለብቻቸው አገኙ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በእኔ እምነት ግን ትክክል ነበር፤ ታላላቆቹ ጨዋታዎች እስኪያልቁ በጋውን ሙሉ ቀጠሮ ሳያውቅ ሲጠብቅ የሚከርመው የመንደር ተጫዋች ቢያንስ አሁን መቼ እንደሚጫወት ያውቃል።

አሁን ወደ ደሪ ካውንቲ ልውሰዳችሁ። በሰሜን አየርላንድ፣ በግሌንሼን ተራራ ሥር ማሄራ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ክለቧ ዋቲ ግራሃምስ ግሌን ይባላል፤ የተሰየመውም በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሣው የ1798ቱ ዓመፅ ተሳትፎ በተገደለው የአካባቢው ሰው ነው። ዋቲ ግራሃም ፕሬስቢቴሪያን፣ ማለትም ፕሮቴስታንት፣ እንደነበር፣ የዛሬዎቹ የክለቡ ሰዎች ግን ባብዛኛው ካቶሊኮች መሆናቸውን ሳስብ የዚያ አገር ታሪክ ከምንሰማው ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑ ይገባኛል። ክለቡ በ1948 ቢመሠረትም የደሪን ዋና ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው በ2021 ነው። ሰባ ሦስት ዓመት!

ይህን ረጅም ጥበቃ መራራ ያደረገው የጎረቤቱ ስኬት ነው። ከማሄራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ስሎክኒል በቤት ብዛት ከመንደር የማትበልጥ ስትሆን፣ ክለቧ ከ2014 እስከ 2017 አራት ተከታታይ የደሪ ዋንጫዎችን ወስዷል፤ በ2015ና በ2017ም እስከ መላው አየርላንድ ፍጻሜ ደርሷል። በ2016 ደግሞ በእግር ኳስ፣ ሃርሊንግ በሚሉት የዱላ ጨዋታና ካሞጊ በሚባለው የሴቶቹ ሃርሊንግ፣ ደሪ የምትገኝበትን ክፍለ ሀገር የአልስተርን ሦስት ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ሰብስቧል። የሁለቱ ክለቦች ልጆች ብዙዎቹ በማሄራው ሴንት ፓትሪክ ኮሌጅ በአንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። ጎረቤትህ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደግስ አንተ ድንኳን ተከራይተህ እንደ መመለስ ያለ ነገር ነበር፤ የግሌን ሰዎች በወጣቶች ደረጃ የአልስተርን ዋንጫ ደጋግመው ያነሡ ልጆች እያሏቸው፣ እነዚያ ልጆች አድገው ጎረቤትን እስኪያሸንፉ ድረስ ብዙ ክረምት መጠበቅ ነበረባቸው። ከልጆቹ አንዱ ኮኖር ግላስ ነው፤ አውስትራሊያ ሄዶ በአገሩ እግር ኳስ የሙያ ሊግ ሆውቶርን ለሚባል ክለብ ተጫውቶ በ2020 ተመለሰ። ገንዘብ የሚከፈልበትን ትቶ ገንዘብ ወደማይከፈልበት ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ የ2022ቱ የውድድር ዓመት መጣ። ቀደም ሲል ሞናሃን ካውንቲን ለሁለት የአልስተር ዋንጫዎች ያበቃው ማላኪ ኦሩርክ ያሠለጠነው ግሌን የደሪ ዋንጫውን አስጠብቆ፣ በታኅሣሥ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮን የነበረውን ኪልኩን በአልስተር ፍጻሜ ረታ፤ ጥር 22 ቀን 2023 ክሮክ ፓርክ ገባ። ተጋጣሚው ሼን ዋልሽ የተዛወረበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የደብሊኑ ኪልማኩድ ክሮክስ ነበር። ጨዋታው 1-11 ለ 1-9 በኪልማኩድ አሸናፊነት አለቀ፤ ክርክሩ ግን ከፊሽካው በኋላ ጀመረ። ግሌን በ2 ነጥብ እየተመራ ጎል በሚፈልግበት በመጨረሻው ቅጽበት ተቀያሪዎች ሲገቡ መውጣት የነበረባቸው ተጫዋቾች በጊዜው አልወጡም ነበርና፣ ኪልማኩድ ከ15 ሰው በላይ ይዞ ጎሉን ሲከላከል በቴሌቪዥን ምስሉ በግልጽ ታየ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። የማኅበሩ አካሄድ የተበደለው ክለብ ራሱ አቤት እስኪል የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ጥፋቱን አገር በሙሉ አይቶት ሳለ፣ «ዋንጫን በጽሕፈት ቤት የሚፈልግ» የመባል ዕዳ በተሸናፊው ላይ ወደቀ። ግሌን አቤት አለ፤ የውድድሩ ኮሚቴ ጨዋታው እንዲደገም ወሰነ፤ ኪልማኩድ ይግባኝ ጠየቀ፤ በመጨረሻ ግሌን ከሂደቱ ራሱን አገለለና ዋንጫው ደብሊን ቀረ። አንዳንዶች ግሌንን ስለ መተዉ ሲያመሰግኑት፣ ሌሎች ስለ መጠየቁ ወቅሰውታል። እኔ ሁለቱንም ትክክል አድርጓል እላለሁ፤ መጠየቅ መብቱ ነበር፣ ነገሩ ከጨዋታነት ወደ ችሎት ሲያልፍ መተዉም ማስተዋል ነበር።

በእኛ አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በጥንቱ የገና ሜዳ ባላባቱና ሎሌው ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩሯን እኩል ሲያሳድዱ፣ ዱላው የጌታን ቅልጥም ቢያገኝ እንኳ ቂም አይያዝም ነበር። ሃርሊንግ የሚሉትን የእነዚህን ሰዎች የዱላ ጨዋታ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ገናን ማስታወሱ አይቀርም። ነገር ግን ተረቱ የሚናገረው ስለማይቆጡበት ዕለት ነው፤ በማግሥቱ ስለሚሆነው ዝም ይላል። የግሌን ታሪክ የሚማርከኝ ስለ ማግሥቱ ስለሚነግረኝ ነው።

ምክንያቱም በዚህ ውድድር ለተሸናፊ የፍጻሜ ተፋላሚ የሚጠበቅለት ቦታ የለም። ክሮክ ፓርክ ላይ ተበድሎ የወጣ ቡድን ዳግመኛ እዚያ መድረስ ከፈለገ መጀመሪያ የሚገጥመው የገዛ ጎረቤቶቹን ነው፤ እነርሱም ስለ ደረሰበት በደል አዝነው አያሳልፉትም፣ ይልቁንም እርሱን መጣል የዓመቱ ትልቅ ደስታቸው ይሆናል። ግሌን በ2023 ከዚያው ጀመረ። ሦስተኛውን ተከታታይ የደሪ ዋንጫ ወሰደ፤ በታኅሣሥ የሞናሃኑን ስኮትስታውንን አሸንፎ የአልስተር ሻምፒዮንነቱን አስጠበቀ፤ በጥር መጀመሪያ፣ ልክ በእኛ የገና ሰሞን፣ በግማሽ ፍጻሜ ያገኘው ያንኑ ኪልማኩድ ክሮክስን ነበር። አሸነፈውም።

ጥር 21 ቀን 2024 በፍጻሜው ከሮስኮመኑ ሴንት ብሪጅድስ ጋር ተገናኘ። ጨዋታው ወደ ማለቁ ሲቃረብ እየተመራ ነበር፤ ግን ከአውስትራሊያ የተመለሰው ኮኖር ግላስ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጎል አስቆጠረና 2-10 ለ 1-12፣ በ1 ነጥብ ብልጫ ብቻ፣ ዋንጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማሄራ ሄደ። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ በሚቀጥለው ዓመት የደብሊኑ ኩዋላ የታይሮኑን ኤሪጋል ኪየራንን አሸንፎ አዲስ ስም በዋንጫው ላይ አሰፈረ።

ይህን ሁሉ ስጽፍላችሁ እኛን እያሰብሁ ነው። ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ሌሊቱን ስንከራከር፣ አንዳንዴም እስከ መኳረፍ ስንደርስ፣ የምንከራከርላቸው ተጫዋቾች ስማችንን አያውቁም፤ ዛሬ የሚጫወቱልን በሚቀጥለው ዓመት ለባላንጣችን ሊጫወቱ ይችላሉ። አልወቅስም፤ እኔም አንዱ ነኝ። ብቻ የሰፈራቸው ልጅ ሲሸነፍ ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፎ የሚያገኙት ሰዎች ሽንፈትን የሚይዙበት መንገድ ከእኛ የተለየ ሆኖ አገኘሁት፤ ሰውየው ፊታቸው ቆሟልና በሌለበት እንደሚሰደብ ሰው ሊሰድቡት አይችሉም።

አየርላንድ ለምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አጥቢያው የሚኖርበትንም ሰው ይቀበላል። በላይቤሪያ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣው ቦይዱ ሴይ ለሮዝማውንት ክለብ እየተጫወተ አድጎ የዌስትሚዝ ካውንቲን ማልያ ለብሷል። ልጆቻችሁን ቅዳሜ ጠዋት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ክለብ ውሰዷቸው፤ ለመጀመሪያ ቀን ከታኬታ ጫማና ከውኃ በቀር ብዙ አያስፈልጋቸውም፤ እናንተ ግን ወፍራም ካፖርት ልበሱ፣ በሜዳው ዳር ያለው ነፋስ አይቻልም። አሠልጣኞቹ ራሳቸው ወላጆች ናቸውና ሻይ ሲያቀርቡላችሁ እምቢ አትበሉ።

በድጋሚ መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ።